በላጲስ የጠፋው ምልክት

በትርጉም ቤቱ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «መዝገበ ቃላቱ» ነበር የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ አንድም ቀን መጽሐፍ ሲገልጥ ያየው የለም። ቅጽል ስሙን ሲሰማ «ኧረ ተዉኝ» ይላል እንጂ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። ያጠራጠረ ቃል በረቂቁ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል፤ ባለጉዳዩ ተጠይቆ ነገሩ ሳይጠራ ማኅተም አይመታም። የመዝገበ ቃላቱ ረቂቆች ግን ሁልጊዜ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበሩ።

አንድ ቀን ጠና ያለ ሰው መጣ። ውጭ አገር በእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ መጋዝ ግራ እጁን በልቶታል። ያከመው ሐኪም በሩሲያኛ አንዲት ገጽ ጽፎለታል፤ እሷ በእንግሊዝኛ ተገልብጣ ሰው ሠራሽ እጅና እግር ወደሚሠራ ድርጅት መላክ አለባት። ሰውየው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ርቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ችኩል ነበር መሰል፣ «ግራ ሩካው ተቆርጧል» ብሎ አለፈ። ሩካ እንደኛው እጅ ነው፤ ከትከሻ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ አንድ ቃል ይሸከመዋል። እንግሊዝኛው ግን ለክንዱ አንድ ቃል፣ ከአንጓ በታች ላለው ሌላ ቃል አለው። መዝገበ ቃላቱ ጠርዙ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረገ።

የቤቱ ጸሐፊ በትከሻው በኩል አይታው ኖሮ፣ «ጋሼ! እርስዎም ምልክት ያደርጋሉ? ዛሬስ በረዶ ሳይጥል አይቀርም!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ጋለ። ሳቁ በረድ ሲል ላጲሱን አነሳ።

መጠየቅ ይችል ነበር። ኧረ መጠየቅም አያስፈልገውም፣ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ያ ባዶ እጅጌ ገና ከበሩ ሲገባ አሳፍሮት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነበር የቆየው። ትንሿን፣ ከአንጓ በታች ያለውን ብቻ የምትለውን ቃል መረጠ። ማኅተሙ ተመታ።

በአራተኛው ወር ሰውየው ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጥርሱ ገመዱን ፈታ። ጥጥ ውስጥ አንድ እጅ ተኝቷል፤ አምስት ጣት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንጓው ላይ የሚያልቅ።

«ቀልደኞች ናቸው እነዚህ ሰዎች» አለ ሰውየው። «የት ልሰካው? ኪሴ ውስጥ?» ኮቱን ከትከሻው አወረደ። ክንዱ ከክርኑ በላይ ነበር የተቆረጠው። «ስሕተታቸውን ጽፈህ ንገርልኝ፣ ወንድሜ። አሠሪዬ ቦታዬን የያዘልኝ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው። ድርጅቱ ዘንድ የያዝኩት ተራ ካለፈ በቃ፣ ቀረሁ።»

ስሕተታቸውን! መዝገበ ቃላቱ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

ጸሐፊዋ ፋይሉን አምጥታ ረቂቁን ገለጠች። ጠርዙ ላይ ላጲስ ያሻከረው ቦታ ከነጠባሳው ይታያል። ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ፋይሉን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አልቀለደችም። ያኔ ከሳቀችው ሳቅ ይልቅ ይህ ዝምታዋ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ።

«የእነሱ ስሕተት አይደለም» አለ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት። «የእኔ ነው። ተጠራጥሬ ነበር። ምልክትም አድርጌ ነበር። አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«እንዳይሳቅብኝ።»

ሰውየው ካርቶኑን አየ፣ እሱን አየ። ቢሰድበው በወደደ።

«እኔኮ እዚያ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ፣ አግዳሚ ወንበሩን በአገጩ እያሳየ። «ማኅተሙ እስኪመታ እዚያው ነበርኩ። ቀና ብትል ምን ነበረበት?»

አንገቱን ደፍቶ ለድርጅቱ አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሐኪሙም ታካሚውም አላጠፉም፣ ያጠፋሁት እኔ ተርጓሚው ነኝ፣ እባካችሁ ተራቸው አይለፍባቸው። ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጻፈ። በዚያ ቤት ስሙ የተጻፈበት ደብዳቤ ከወጣ ስንት ዘመኑ!

ቀጥሎ የክንዱ ልክ መጻፍ ነበረበት። ጸሐፊዋ መለኪያ ሜትር አቀበለችው። ከወንበሩ ተነስቶ ሰውየው አጠገብ ተንበረከከና ከትከሻው እስከ ተቆረጠበት ዘረጋው። ሜትሩ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተበት።

«እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው?» ሲል ጠየቀ።

«እዚያ ጋ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «አይዞህ፣ አያምም» አለው።

ይህን ቃል ማን ለማን ማለት እንደነበረበት ሁለቱም ያውቁ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ቁጥሩን አነበበ፤ ዓይኑን ግን ከሜትሩ ላይ ማንሳት አሁንም አቃተው።