ያቺ አንዲት ሴት

ባሌ በሳምንት ስድስት ቀን ፀጉር ያስተካክላል፤ እሁድ ይሰብካል። ሁለቱን ሥራ የሚያገናኘው ጆሮው ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሆዱን ይዘረግፋል፤ እሱም ስሙንና ሰፈሩን ቀይሮ ለስብከቱ ምሳሌ ያደርገዋል። "ስብከት ሰው ራሱን እንዲያይበት ነው" ይለኛል። እኔም "መስታወቱማ ሱቅህም አለልህ" እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ባለፈው ወር የተጠቀመበት ምሳሌ ግን የደንበኛ አልነበረም። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጋብዞ ስለ ይቅርታ ሲሰብክ፣ "አንዲት ሴት አውቃለሁ" ብሎ ጀመረ። እናቷን ሁለት ዓመት አስታመመች፤ አንድ ቀን ድካም ቢጥላት፣ እናቷ ስትጠራት ያልሰማች መስላ ተኛች፤ ስትነሳ እናቷ ሞታለች። ጉባኤው አለቀሰ። እኔ ግን ክው አልኩ። ሴቲቱ እትዬ የምንላት ታላቅ እህቱ ናት። ይህን ነገር ለእሱ ብቻ ነው የነገረችው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ።

የስብከቱ ዝና እኛ ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ሽማግሌዎቹ "ያንኑ ድገምልን" አሉት። እህቱ ደግሞ ዘወትር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

ያን ሳምንት እህል አልቀምስ አለ። የአንዱን ደንበኛ ጆሮ በመቀስ ለትንሽ ሳተው።

"ምሳሌውን አውጣዋ!" አልኩት።

"እሱ ከወጣ ምን ይቀራል?" አለኝ።

ሊናገረው ነው ብዬ ፈራሁ።

እሁድ መድረክ ላይ ወጣ። እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

"አንዲት ሴት..." አለና ዓይናቸው ተጋጠመ። ውሃ ጠጣ፤ ወረቀቱን ገለበጠ፤ የቀረውን በአሥር ደቂቃ አንበልብሎ ወረደ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እፎይ አልኩ።

እትዬ በር ላይ ጠበቀችን።

"ሴትየዋን ለምን ተውካት?" አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። "የ... የትኛዋን?"

"ያን የሌላ ቤተ ክርስቲያን ስብከትህን በስልክ ቀድተው ላኩልኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዛሬ የመጣሁት ዓይኔን እያየህ ትደግመው እንደሆነ ለማየት ነው።"

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እማዬ ያን ቀን የጠራችው እኔን ብቻ አልነበረም፤ አንተንም ጠርታሃለች። ያለችህን አንድ ቀን እነግርሃለሁ እያልኩ ነበር የኖርኩት። አሁን ግን እፈራሃለሁ።"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለባሌ የምነግረውን እመርጣለሁ።