ከዝገቱ ሥር የወጣው የአባት መጥረቢያ

መጥረቢያና ቢላ እየሳለች የምታድረውን ሞራጇን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍልሻል ቢሏት በገንዘብ አትመልስም። የአውራ ጣቴን ቆዳ፣ ከወገቤ ትንሽ፣ እስከ ማታ አፍንጫዬ ውስጥ የሚቀር የብረት ሽታ ትላለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመመለሻው መንገድ ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ በታላቅ ወንድሟ በር ታልፋለች። እናታቸው የምትኖረው እዚያ ነው፤ እግሯን ከታመመች ወዲህ ከወንበሯ አትነሳም። ሞራጇ ከፍርግርጉ ውጪ ቆማ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» ትላለች። እናት ከበረንዳው እጇን ታነሳለች። በቃ። ወንድሟ «የአባቴን መጥረቢያ ሳትመልሺ ይህን ደፍ አትረግጪም» ካለ ዓመታት አልፈዋል።

አባታቸው አናጢ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ወንድየው ዕቃ ቤቱን ሲከፍት የሚያውቀውን መጥረቢያ አጣው። የአባቱ መጥረቢያ እጀታው ረጅም፣ በላብ ብዛት የጠቆረ ነበር፤ እዚያ የቆመው ግን አጭርና ነጭ ነው። ቁልፉ እህቱ ጋ ስለነበረ «የአባቴን ሸጠሽ ቅራቅንቦ አስቀመጥሽልኝ» አላት። ፊቷ ላይ ወዝውዞ ጥግ ወረወረው። ብትምል ብትገዘት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ባለፈው ክረምት አንድ ግንበኛ ዝገት የበላው መጥረቢያ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው።

«እባክሽ እህቴ፣ ይሄን አድኚልኝ። ጡብ ልሰብርበት ስል ጡቡ ይስቅብኛል።»

«ከየት ቆፍረህ ነው ያወጣኸው?»

«ወንድምሽን ጠይቂው። ‹የኛ አይደለም፣ ውሰደው› ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው። እጀታው ደግሞ ለሕፃን የተሠራ ይመስል ወገቤን አጎበጠው።»

ሞራጇ አወቀችው። ያ የተባረረችበት ቅራቅንቦ ነው። ድንጋይ ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ባላት፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። እጀታውን ያጠበቀውን ሽብልቅ አወጣች፣ እጀታውን ነቀለች፣ ብረቱን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈችው።

በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ስትፈገፍገው ከእጀታ ማስገቢያው ቀዳዳ ጎን ቢጫ መስመር ብልጭ አለ። እጇ ቀጥ አለ። በጣቷ ጠረገችው። ነሐስ ነው። ልጅ ሳለች የአባቷ መጥረቢያ እዚሁ ቦታ ሲሰነጠቅ አባቷ በነሐስ ደፈነው፤ ወናፉን የነፋችው እሷ ነበረች። ወንድሟ ያኔ ሌላ ከተማ ነበር የሚሠራው።

ዕቃውን ሊወስድ የመጣው ግንበኛ ሲደርስ እሷ እንዳፈጠጠች ነበር።

«ምነው፣ እባብ አየሽ እንዴ?»

ብረቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። በእነሱ ቤት መጥረቢያ የሚታወቀው በእጀታው ነው፤ የሚጨበጠው እሱ ነዋ። ብረቱን ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፣ ብረት የምትሞርደው እሷም ሳትቀር። ያን ሁሉ ዓመት ጠፋ የተባለው መጥረቢያ፣ ጠፋ ባለው ሰው ዕቃ ቤት ዝገት ሲጠጣ ኖሯል።

«ይሄን ለኔ ተውልኝ፤ የራሴን መጥረቢያ ውሰድ» አለች በመጨረሻ።

«የሚቆርጥ ነው?»

«ጡብህን ሳቅ ያስረሳዋል።»

ግንበኛው ሲሄድ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለቱን በሞረድ አስተካከለች፣ በድንጋይ ሳለች፤ ያንኑ አጭር እጀታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ዘይት አጠጣችው፣ ብረቱ ውስጥ መልሳ አዲስ ሽብልቅ መታችበት። ስትጨብጠው ለእጇ ልክ ነው። ያኔ ግን አላሰበችበትም።

ማታ ይዛው ሄዳ ስታንኳኳ ወንድሟ በሩን ገርበብ አድርጎ አየው።

«ይሄማ ለግንበኛው የሰጠሁት ነው።»

«ብረቱን እየው፣ ጋሼ። ነሐሱን።»

በጥፍሩ ጫረው። «ነሐስ ማንም ይደፍናል። እጀታው ለኔ እንኳ አይበቃም፤ አባቴ ከኔ ይረዝም ነበር። ማንን ነው የምታሞኚው?»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናት ከበረንዳው። «ወዲህ አምጣው።»

ወስዶ ሲሰጣት ጭኗ ላይ አጋድማ ዳበሰችው። ብዙ ጊዜ ዳበሰችው።

«ረጅሙ እጀታማ ተሰንጥቆ አባትህ ራሱ እሳት ውስጥ ከተተው» አለች። «ይሄን የጠረበው ለእሷ ነው፣ በዓይኑ ለክቷት። ‹ብረት የምትወደው እሷ ናት፣ ለእሷ ይሁን› አለኝ። ሳይሰጣት ሞተ እንጂ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠፋ አላችሁኝ፤ ጠፋ ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄን አምጥቶ ማን አሳየኝ?»

የወንድየው ፊት አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሞራጇም ደስ አላላትም። ለሷ በተሠራ እጀታ ነበር የተባረረችው።

«በየቀኑ ነበር እዚህ የምትቆሚው?» አላት ሳያያት።

«በየቀኑ።»

ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ እሷም አልፋው ገብታ የእናቷን የታመመ እግር ታቀፈች።

ሞራጇ ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት። ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አለኝ ብላለች፦ «የቤተሰብ መሣሪያ ስታመጡልኝ ብረቱን ብቻ ነቅላችሁ በፌስታል አታምጡልኝ። ቢያጥርም ቢሰነጠቅም ከነእጀታው ይሁን። ደግሞ ከቤት ከማውጣታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ከወንበሩ መነሣት ለማይችለው ሰው አንዴ አስዳብሱት።»