ሁለት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት ፕሮፔለር

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ ገዛ። ዋና አይችልም። ዓሣም አይበላም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲመራ የኖረ ሰው ነው፤ አንድም ጊዜ ድምፅ አሰጥቶ አያውቅም ይባላል። ሁለት ሰዎች ከተከራከሩ መነጽሩን ያወልቅና «የሁለታችሁም ሐሳብ ተይዟል» ይላል። ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ይወጣሉ። ይህን ጠባዩን የማነሳው ለሐሜት አይደለም፤ ኋላ አዞ ሊያስበላን ስለነበረ ነው።

ጊዜው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ጀልባዋ ከኋላዋ ሁለት ሞተር ይንጠለጠልባታል። የተገዛችው አሮጌ ስለነበረች ፕሮፔለሮቿ፣ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከሩ የሚገፏት ባለሦስት ክንፍ ብረቶች፣ ድንጋይ ሸራርፏቸው አይጥ የቀመሰው ዳቦ መስለዋል። አዲስ መምረጥ ግድ ሆነ። በቤተሰቡ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነበው እኔ ነኝና ጋሼ የሞተሩን መመሪያ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው።

ሦስት ቀን አነበብኩት። ከብዙ ልብወለድ ይሻላል፤ ቢያንስ መጨረሻው ላይ ማንም አያለቅስም። የገባኝን ባጭሩ ልናገር። ፕሮፔለር እንደ ብሎን ነው። ክንፎቹ በጣም ከተጠመዘዙ በአንድ ዙር ረጅም ይራመዳል፤ በጥቂቱ ከተጠመዘዙ እርምጃው ያጥራል፣ ሞተሩን ግን አያደክምም። ሐይቁ ላይ ያለው ጀልባ ሁሉ ባለአጭር እርምጃውን ነው የሚጠቀመው። ይህ ብቻውን ባለረጅሙን እንድመርጥ በቂ ምክንያት ሆነኝ። አገር ምድሩ የተስማማበት ነገር ያጠራጥረኛል።

የጀልባዋ መካኒክ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ የውኃ ፓምፖች ሲጠግን ያደገ ሰው ነው። ምርጫዬን ሲሰማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ።

«መምህር፣ ሙዝ የጫነ መኪና የገረሴን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ይወጣል?»

«ሐይቅ ላይ ዳገት የለም» አልኩት።

«ሰው ሲጫንባት ውኃውም ዳገት ነው።»

«ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ስንት ሰው አሳፍሮ ነበር?»

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። ከሁለቱም ዓይነት ጥንድ ጥንድ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ብልህ ውሳኔ መስሎኝ አመሰገንኩት።

የኔን ጥንድ አስገጥመን፣ ጋሼና እኔ ብቻ ሆነን ሞከርናት። በረረች! ባርኔጣዬ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ወደ ዳር ስንመለስ መካኒኩን በድል አድራጊ ዓይን አየሁት። እሱ ግን «ባዶዋን እኮ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ከተሸናፊ ሰው የሚጠበቅ ቅናት ነው ብዬ ናቅኩት።

የቀረው የጀልባ ባለንብረቶቹ ኮሚቴ ፈተና ነው። ሐይቁ ላይ ጎብኚ የሚጫነው በተራ ነው። አዲስ ጀልባ ተራ የሚያገኘው አሥር ሰው ጭኖ ኩልፎ ወደ ሐይቁ እስከሚገባበት፣ አዞዎቹ ፀሐይ እስከሚሞቁበት ዳርቻ ደርሶ የከሰዓቱ ንፋስ ሳይነሳ ከተመለሰ ነው። ካልቻለ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቃል። የጋሼ ሚስት ደግሞ ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ከከረመች ዶሮ እንደምታረባባት በግልጽ ተናግራለች። ዛቻ አልነበረም፤ ጫጩቶቹን አዝዛለች።

በፈተናው ማለዳ ጋሼን ወደ ጎን ጠራሁት።

«የማንን ገጠምክ?»

«ያንተ ገብቷል፤ አትጨነቅ» አለኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ።

ትንሽ ቆይቶ ከመካኒኩ ጋር ሲንሾካሾክ አየሁት። የሱንም ትከሻ መታ አደረገ። ምስኪን ሰው፣ እያጽናናው ነው አልኩ በልቤ።

አሥር ሆነን ተሳፈርን። መካኒኩ መሪውን ያዘ። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ በዓሣ ማጥመድ ያረጁ አዛውንት፣ ፊት ተቀመጡ። ጋሼ ሁለት የዋና ጃኬት ደራርቦ መሀል ላይ ሰፈረ። መካኒኩ ሁለቱንም ሞተር እኩል ነዳጅ ሰጣቸው። አንዱ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ሌላው እንደ ጉንፋናም አቃሰተ። ጀልባዋ አፍንጫዋን አዞረችና ወደ ዳርቻው ደንገል አመራች።

«ልጄ፣ አዞዎቹ በዚያ በኩል ናቸው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ አውቃለሁ አባባ። እሷ ናት የማታውቀው» አለ መካኒኩ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ።

አንድ ዙር ዞርን። ጉማሬ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየንና ተመልሶ ሰጠመ። ሁለተኛ ስንዞር ታንኳው ላይ ተቀምጦ መረብ የሚስብ ሰው አጠገብ አለፍን።

«ምን ጠፋባችሁ?» ሲል ጠየቀን።

መካኒኩ ሞተሮቹን አጠፋና ሁለቱንም ከውኃው ቀና አደረጋቸው። ሁለቱ ፕሮፔለሮች ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አበሩ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። እኔና መካኒኩ እኩል ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ ለካ ማታውን ብቻውን መፍቻ ይዞ ሲታገል አምሽቷል። ለሁለታችንም የነገረን ደግሞ እውነት ነው።

መነጽሩን አወለቀ። «የሁለታችሁም...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

እየዞርን፣ እየቀዘፍን ዳር ደረስን። ሊቀመንበሩ ወደ ሰማይ አዩ። «ሊነፍስ ነው። አንዱን ምረጡና ግጠሙ፤ ንፋሱ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም» አሉ።

ጋሼ ከመለዋወጫው ሣጥን የቀሩትን ሁለት ፕሮፔለሮች አወጣ። በቀኝ እጁ የኔን፣ በግራው የመካኒኩን ይዞ ቆመ። ላቡ ጃኬቶቹ ላይ ይንጠባጠባል። አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። በሰው ፊት እኔን ከማሳፈር ጀልባዋ የዶሮ ቤት ብትሆን እንደሚመርጥ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው እንዲህ ሲያከብራችሁ ማምለጫ የለም።

ሌላም ነገር ነበር። መመሪያው ውስጥ ስለ ሙሉ ጭነት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። የጭነት ጀልባ ላላቸው የተጻፈ መስሎኝ ዘልየዋለሁ። ሰውም ጭነት መሆኑ ትዝ አላለኝም።

«የሱ ይግባ» አልኩ። ቀጥዬም «ለጊዜው» አልኩ።

መካኒኩ አልሳቀም። ይህን ውለታውን አልረሳውም። ባለረጅሙን ፈትቶ ባለአጭሩን ገጠመና ወጣን። ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች፣ ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ ውኃው ላይ ተደላድላ ሮጠች። ባርኔጣ የሚወስድ ፍጥነት አልነበረም። አዞዎቹ ዘንድ ደርሰን ስንመለስ የመጀመሪያው ማዕበል ጎኗን ላሰ። ሊቀመንበሩ ወረዱና ልብሳቸውን አራገፉ።

«ተራ ገብታችኋል። ሽምግልናውን ግን ሰው ላይ አድርጉት፤ ብረት አይታረቅም።»

የኔ ጥንድ እስካሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጀልባዋ መቀመጫ ሥር አለ። በተሳፈርኩ ቁጥር ጋሼ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያሳየኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዱ ፕሮፔለር ድንጋይ መትቶት ክንፉ ረገፈ፤ ጋሼም በአንድ ሞተር እያነከሰ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ተመለሰ። የኔን ለምን እንዳልገጠመ ጠየቅሁት።

«ያንተንማ ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጥኩት» አለኝ።