የግራ እጅ ቀለበት

ዛሬ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደጅ እርጥብ ዘንባባ ሸተተኝና የደርግ ጊዜው ሆሳዕና ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የዘንባባ ቀለበት ጎንጉነው፣ «በግራሽ አድርጊው፤ በቀኝሽ ከሆነ ሥራ ስትሠሪ ይበጠሳል» አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ተነዳን። ሃይማኖት ያስገመግም ስለነበር እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ደበቅሁ። ሊቀመንበሩ እንደ ዘመኑ ልማድ መፈክር ሊያሰማ «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ሲል ጉዴ ፈላ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ አነሣሁ። ዞር ብዬ ሳይ በሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጡጫ ላይ አረንጓዴ ቀለበት! ሊቀመንበሩ መፈክሩ ጠፋበት። እኛ ግን እጃችንን አላወረድንም። ፍርሃቴን እዚያው አዳራሽ ጥዬ ወጣሁ።

እትዬ አስካለ አስበውበት ይሆን? ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬም ቀለበቴን ያጠለቅሁት በግራዬ ነው።