የጎረቤቴ ሳል

በኮሮናው ዓመት በጎረቤቴ ሳል ቀናሁ። ሰው በሀብት ይቀናል፣ በባል ይቀናል፤ እኔ በሳል።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ፣ ግቢዬን ከግቢዋ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። መጀመሪያ የታመመችው እሷ ናት። ከሲሬ ገበያ በተመለሰች ሰሞን ትኩሳት ያዛት፤ ውሃ ያቀበልኳት፣ ግንባሯን ያበስኩላት እኔ ነኝ። በሳምንቱ እኔም ወደቅሁ።

የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ደጇ ላይ ቆመው ዘመሩላት። የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ አስቀምጠው፣ "ዋቃዮ ሲ ሃ ፈይሱ" ብለው ምሕረት ለምነውላት ሄዱ። እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፃቸውን እየሰማሁ በቅናት ስቃጠል ዋልኩ። የእኔን በር ያንኳኳ የለም።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። አባቴ በድርቁ ዘመን ከሰፋሪዎች ጋር ከወሎ ሲመጣ፣ "ቡዳ" የሚለው ስድብም አብሮት መጣ። እዚህ የተረሳ መስሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ኮሮናን የሠሩት አይሁድ ናቸው የሚል ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዞረ። ለወሬ የለው ፍሬ ይባላል፤ ይሄኛው ግን አፈራ። እሷ ስትስል "ምስኪን!" ይላሉ፤ እኔ ስስል መንገድ ይሻገራሉ። በሽታው አንድ አይደለም እንዴ?

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዘማሪዎቹ አንዷ ከአጥሩ ወዲያ ስትጠይቃት ሰማሁ።

"ከዚች ከጎረቤትሽ ነው አይደል የያዘሽ? እነሱ ናቸው ያመጡት ይባላል እኮ።"

"ኧረ የቀደምኩት እኔ ነኝ" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። እሷ ግን ሳለች፤ ሳለችና፣

"ዋቃቱ ቤካ፤ እግዜር ያውቃል እንግዲህ" አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ያንኑ ፔርሙዝ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

"ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ሥጋ የለበትም። ነገ እሳት ስለማትለኩሺ ዛሬ በትኩሱ ጠጪው።"

ጠጣሁት። ርቦኛል፣ ምን ላድርግ! ደግሞም ይጣፍጣል። በኋላ ሰፈሩ "ለሷ እንኳ አካፈለቻት" እያለ ሲያመሰግናት ይበልጥ አንገበገበኝ፤ ደግነቱም የእሷ ሆነ። ቅዳሜ እሳት እንደማልነካ፣ ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ እንደማልቀምስ የምታውቅ ሴት፣ ማን ቀድሞ እንደታመመ ጠፋት?