የርቢ ዘንባባ

«ተከፈተች ወይ?»

በየጠዋቱ የምሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ይህ ነው። ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሱቄን ለመክፈት ስጣደፍ፣ አክስቴ ሩቅያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ የሙሰበሃዋን ዶቃ በጣቶቿ እያንከባለለች፣ በአገጯ ወደ ግቢው ጥግ ታመለክተኛለች። የምትጠይቀኝ እዚያ ስለተከልናት ትንሽ የተምር ዘንባባ ነው። ዓይኗ ስለደከመ ቅጠሉን ከሩቅ መለየት አትችልም። «ገና ናት አክስቴ» ስላት «ኧረ ምን ሆና ነው እቺ!» ብላ ታጉረመርማለች። ይህ ጥያቄ መጀመሪያ የሷ አልነበረማ! ልጅ እያለሁ፣ በየጠዋቱ ከመኝታዬ ዘልዬ እየተነሳሁ እሷን የማደርቃት እኔ ነበርኩ።

አባዬ ሽርጥና ነጠላ ጫማ የሚሸጥ የገበያ ነጋዴ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ዛሬ ባቲ ከዋለ ነገ ውጫሌ፣ ከነገ ወዲያ መርሳ ነው። ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ለሱ ጓዝ የሚያራግፍበት ቦታ ነበር ቢባል ይሻላል። የሌላው ሰው አባት ከገበያ ስኳር ይዞ ሲመለስ የኔ አባት በዘይት ቆርቆሮ አፈር ውስጥ የቆመች ቡቃያ ታቅፎ ከአውቶብስ ይወርዳል። ከባቲ የተምር ዘንባባ፣ ከአፋር በረሃ ቅጠሏ እንደ መዳፍ የተዘረጋችውን፣ ምንጣፍ የሚሠሩባትን፣ ከደሴ ደግሞ የአንድ ሆቴል ዘበኛን ለምኖ ያገኛትን ግንደ ለስላሳ። ጁምዓ ከሰላት ሲመለስ ነጭ ጀለቢያውን ሳያወልቅ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቅጠል በቅጠል ሲያገላብጣቸው ይውላል። እናቴ «ጣውንቶቼ» ነበር የምትላቸው። «ሌላ ሚስት አግብቶ ቢሆን እኮ ቢያንስ እንጨት ትለቅምልኝ ነበር!» ትላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ አባዬም አብሮ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል።

ግቢያችን ሲሞላ አንድ መላ አመጣ። አገራችን ላይ ሰው ላሙን ለዘመዱ ለርቢ ሰጥቶ ጥጃውን ይካፈል የለ? አባዬ ዘንባባዎቹን ለርቢ መስጠት ጀመረ። የተምር ዘንባባም ትወልዳለች፤ ከሥሯ ልጅ ታወጣለች፤ አንዱን ያሳደጋት ይወስዳል፣ አንዱ ለአባዬ ይመለሳል። ደጋው የአምባሰል ጫፍ ላይ ላለው አጎቴ አንዷን ሰጠ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላለ ወዳጁ ሌላዋን፣ ከውጫሌ በታች ቆላው ውስጥ ላለችው እህቱ ለሩቅያ ደግሞ ሌላ። የትኛዋ የት እንደሚስማማት ሳያውቅ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም። ውርጭ በሚወርድበት ወር ለአጎቴ ጆንያ ይልክለታል፣ «ዘንባባዬን አልብስልኝ» ብሎ። አጎቴም «ለኔ ጋቢ ሳትገዛ ለዛፍ ካፖርት ትልካለህ?» እያለ በመጣው ሁሉ ፊት ያማዋል፤ ግን ያለብሳታል። አባዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያምነው። ዘንባባ በአዲስ ቦታ ተተክላ አዲስ ቅጠል ከከፈተች ልቧ ረግቷል ማለት ነው። ካልከፈተች አረንጓዴ ብትመስልም ገና እንግዳ ናት።

እኔ ደግሞ የሱ ልጅ ነኝና ቁጭ ማለት የማልችል ቅብጥብጥ ነበርኩ። ቅልሞሽ እንኳ ቁጭ ብዬ አልጫወትም፤ ድንጋዩን ወርውሬ ዘልዬ ነው የምቀልበው። አስተማሪያችን «ሐዋ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ሩጫዬ በሳል ይታሰራል። ከሐይቁ ውሃ የሚነሳው ብርድ ደረቴ ላይ ይተኛል፣ ትንፋሼ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። እናቴ ያልቀባችኝ ቅባት፣ ያላጎረሰችኝ ፍትፍት አልነበረም።

አንድ ጁምዓ አባዬ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ቅጠሏ የገረጣ ቡቃያ ሲመለከት ቆየና እኔን አየ፤ ከዚያ ተመልሶ እሷን አየ። «ዘሐራ» አላት እናቴን፣ «እቺንም እቺንም ቆላ ላውርዳቸው።»

እናቴ የያዘችውን ጆግ ቁጭ አደረገች። «ልጄ ዘንባባ ናት? ወባ ይብላት ነው የምትለው?»

«ሩቅያ አጎበር አላት። ሙቀቱ ደረቷን ይከፍትላታል ወላሂ።»

ስንት ቀን ተጨቃጨቁ! በመጨረሻ እናቴ ልብሴን አጥፋ በፌስታል ስታስር እንባዋ ፌስታሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ቆርቆሮዋን በጭኔ ታቅፌ በአውቶብስ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያ በአባዬ ጀርባና በእግሬ ቁልቁል ወረድን። እየወረድን ስንሄድ አየሩ እየወፈረ፣ ማሽላው ከኔ እየረዘመ መጣ።

አክስቴ ሩቅያ ያኔ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ነበረች፤ ልጅም አልነበራትም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት። አባዬ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ቡቃያዋን አውርዶ፣ ነፋስ ልቧን እንዳያንገላታው ቅጠሎቿን ወደ ላይ ሰብስቦ በጨርቅ ጥብጣብ አሰራት። «ስትጸና ትፈቱላታላችሁ» አለን። ከዚያ እኔ ፊት ቁጢጥ ብሎ «ውሃ የምታጠጪያት አንቺ ነሽ። አዲስ ቅጠል ስትከፍት መጥቼ እወስድሻለሁ። አብሽሪ» አለኝ። አመንኩት። ዘንባባ ቅጠል ለመክፈት ወራት እንደሚፈጅባት፣ እሱም ብርዱ እስኪያልፍ ጊዜ እየገዛልኝ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ያኔማ! ጎህ ሲቀድ ዘንባባዋ ሥር ነኝ። ከቁርስ በኋላ ዘንባባዋ ሥር ነኝ። ውሃ እያበዛሁባት አክስቴ «ልታሰጥሚያት ነው?» ብላ ጣሳውን ትቀማኛለች። ጥብጣቡ ተፈታ፤ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ተዘረጉ፤ አዲስ ግን የለም። ናፍቆቴ እግር ያለው ነገር ነበር፤ ያዞረኛል። የሐይቁ ሽታ ይናፍቀኛል፣ የእናቴ ቁጣ ሳይቀር ይናፍቀኛል። ሳሌ በየት በኩል ጥሎኝ እንደሄደ እንኳ ልብ አላልኩም።

አክስቴ የምትችለውን ሁሉ አደረገችልኝ። እሸት ማሽላ ትጠብስልኛለች፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሱዚ ስዘል ቁጭ ብላ ታየኛለች፣ ወደ ማታ ላይ ደግሞ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኛለች። «አንዴ ዝም በይ አቦ! ጭንቅላትሽ ውስጥ ጥንቸል አለ?» ትለኛለች። የሹሩባዬን ጫፍ እንዳይፈታ በሰማያዊ የስፌት ክር ታስረዋለች፤ ክሩን ሁለት ጊዜ ታዞርና ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ቋጠሮ አይታይበትም። ሠርታ ስትጨርስ ጭንቅላቴን ትስመኛለች፤ እኔ ግን ገና ከንፈሯ ሳይነሳ ሮጬ ዘንባባዬ ዘንድ ነኝ።

ክረምቱ ሲያልቅ አዲሱ ቅጠል ከመሃል ብቅ አለ። ቀጥ ያለ፣ ሹል፣ እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ። እንዴት ጮህኩ! አክስቴም «እሰይ» አለች፤ አፏን ግን በእጇ አልሸፈነችም። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሹሉ ክንዴን አለፈ፣ ትከሻዬን አለፈ፣ ራሴን በለጠ። አይከፈትም። የሰፈሩ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት መሄድ ሲጀምሩ እኔ አበድኩ። ሐይቅ ጓደኞቼ ክፍል ገብተዋል፣ ወንበሬን ሌላ ልጅ ይዞታል፣ እናቴም ረስታኛለች አልኩ። «ተከፈተች ወይ? ለምን አትከፈትም?» አክስቴ ማጀት ውስጥ ሆና ፊቷን ሳታሳየኝ «ሙቀቱ አስደንግጧት ነው፤ ትከፍታለች ኢንሻአላህ» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ትዕግሥቴ አለቀ። ሙቀጫውን እያንከባለልኩ አመጣሁት፣ ደፋሁት፣ ላዩ ላይ ወጣሁ። የሹሉን ጫፍ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሞበታል። ሁለት ጊዜ የዞረ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ቋጠሮው የማይታይ።

እጄ ወደ ሹሩባዬ ሄደ። ያው ክር ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ! ለካ ከሱብሒ ሰላት በፊት፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ እየወጣች ነበር የምታስራት። ቅጠሉ ሲወፍር እያላላች፣ ደግሞ እያሰረች። በጥፍሬ ፈታሁት፣ መሬት ላይ ወረወርኩት፣ ረገጥኩትም። ፀሐይ ከፍ ስትል ቅጠሉ ከጫፉ መተርተር ጀመረ፤ አንዱ ጣት፣ ሌላው ጣት፣ ሁሉም ተለቃቀቁ። አክስቴ በጀሪካኑ ክብደት ጎብጣ በአጥሩ ስትገባ አየችው። ጀሪካኑን አስቀመጠች። እኔን አላየችኝም፤ ቅጠሉን ብቻ ነው ያየችው። «ማሻአላህ፣ ሸጋ ናት» አለች። ቆይታ ደግሞ «ነገ ውጫሌ ለገበያ በሚወጣ ሰው ለአባትሽ እልክበታለሁ» አለችኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

አባዬ ሲመጣ ግን ደስታዬ ሌላ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ተሰናብቻት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ሮጥኩ። አቀበቱ መታጠፊያ ላይ ደርሼ ስዞር አንድ እጇን ዘንባባዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቤት ደርሼ እናቴ ፀጉሬን ስትፈታ «ይኸ ክር ምነው አፈር በላ?» አለች። አክስቴ የወረወርኩትን ከመሬት አንስታ መልሳ እኔኑ አስራበታለች።

ይኸው ዛሬ አባዬ የለም። የደጋዋን ዘንባባ ውርጭ ጨረሳት። የአርዲቦዋ ቁመት ብቻ ሆና ቀረች። የአክስቴ ግን ተምር አፍርታለች፣ ሥሯ በልጆች ተከባለች። እኔ ሐይቅ ላይ ሱቅ አለኝ፤ ያ ደረቴን ያስር የነበረው ብርድም እንደ ድሮው አይደለም፣ ሐይቅም ሞቃለች። ከወራት በፊት ጎረቤቶቿ ስልክ ደወሉ። አክስትሽን ወድቃ ነው ያገኘናት፣ የቤቷም ጣሪያ አንድ ጎኑ ወርዷል፣ ውሃ የሚቀዳላት የለም አሉኝ። ሄድኩ። አልመጣም ብላ ምሰሶውን ያዘች! ግራ ሲገባኝ ከዘንባባዋ ሥር አንድ ልጅ ነቅዬ በቆርቆሮ አደረግሁና «ይቺን ሐይቅ እንትከላት። አዲስ ቅጠል ስትከፍት መጥቼ እመልስሻለሁ። አብሽሪ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ።

አሁን ተራው የሷ ነው። ጓዟን ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣለች። በደጃችን የሚያልፈውን የባጃጅ ሹፌር ሁሉ «ወደ ውጫሌ መኪና አለ?» ትላለች። የኔ ምግብ ጨው የለውም፣ የሐይቁ ነፋስ አጥንት ይገባል፣ አልጋው ከልክ በላይ ለስላሳ ነው ትላለች። ሌት ተቀን የምታስበው ያን የወረደ ጣሪያ ነው። እዚያ ብትመለስ ብቻዋን ወድቃ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ ንገሪያት ይለኛል ልቤ፣ አፌ እምቢ ይላል። አዲሱ ቅጠል ደግሞ ወጥቷል፤ እንደ ድሮው ሹል፣ ቀጥ ያለ። ባለፈው ሳምንት ጫፉ ሊተረተር እንደሆነ አየሁ።

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ለሰላት እጅ እግሯን እየታጠበች ዉዱእ ስታደርግ ከሱቄ ያመጣሁትን ሰማያዊ ክር ይዤ ወደ ጥጉ ሄድኩ። አንዴ አዞርኩት። ሁለተኛውን ሳዞር የከዘራዋ ድምፅ ከኋላዬ ቆመ። ዞር ለማለት አልደፈርኩም። እጇ በትከሻዬ በኩል አልፎ ቅጠሉን ዳሰሰ፣ ክሩን ዳሰሰ፣ የኔን ጣቶች ዳሰሰ።

«ጠበቅ አታርጊው ልጄ» አለችኝ። «ቅጠሉን ይቆርጠዋል። ላላ አርገሽ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጪው።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። በከዘራዋ እየተደገፈች ወደ በረንዳው ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሙሰበሃዋን አነሳች፣ ፊቷን ወደ ጥጉ አዞረች።

«ተከፈተች ወይ?» አለችኝ።

«ገና ናት አክስቴ።»

«ይሁን» አለች፤ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጓዟ ግን አሁንም በሩ ሥር ነው።