አባቴን ምሳ ልጋብዝ፦ ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም

ጉዞው የተጀመረው በስልክ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ሽንዲ በደረሰ ሰሞን፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ታናሽ ወንድሜ ስሜነህ ደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። እኔ እዚያ አስተማሪ ነኝ።

«እናንዬ፣ አባባ እህል አልቀምስ ካሉ ሰነበቱ» አለኝ። «ሚስቴ ጠዋት ማታ ምግብ ታደርስላቸዋለች፤ ሳህኑ እንደተከደነ ይመለሳል። ልብሳቸው ሁሉ ሰፍቷቸዋል። ነይና አንድ ነገር በይን።»

እናታችን ካረፈች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። ከርዕሰ መምህሩ የአራት ቀን ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ። አባቴን ሳያቸው ደነገጥኩ። ጋቢው ሰውየውን ለብሶት እንጂ ሰውየው ጋቢውን የለበሱት አይመስልም ነበር። ጤና ጣቢያ ተወስደው «በሽታ የለባቸውም» ተብለዋል።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አባቴ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ምግብ ቤት ገብተው በልተው አያውቁም። ገበያ ሲሄዱ እናቴ የቋጠረችላቸውን በልተው ይመለሳሉ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወስጄ፣ ቅቤው የሚጮህ ጥብስ ፊታቸው ባስቀምጥ፣ ሽታው ብቻ አፋቸውን ይከፍተዋል ብዬ አሰብኩ። ደሞዝ ከመውጣቱ በፊት ስለነበር ድግስ አይሆንም፤ ከተጠነቀቅሁ ግን ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ይበቃናል።

«ልጋብዝዎት» ብላቸው እንደማይመጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ። «ፍኖተ ሰላም፣ ዞን ጽሕፈት ቤት የዝውውር ጉዳይ አለኝ። ብቻዬን ከምሄድ ቢሸኙኝ» አልኳቸው። አባቴ ሴት ልጅ ሸኙኝ ብላቸው እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። ዱላቸውን አነሡ።

ሐሙስ ጠዋት፣ የጠጠሩ መንገድ

ከሽንዲ ወደ ቡሬ በአሮጌ ሚኒባስ ወጣን። ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ብር ነው። የበርበሬ ወቅት ስለነበር ጣራው ላይ ስድስት ጆንያ ተጭኗል፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከላይ ቀይ ብናኝ እየወረደ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ያስነጥሳል። «ይማርሽ!» «ያኑርህ!» ሲባባል መንገዱ አለቀ። በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ሲያዩት የተዘረጋ ቀይ ጨርቅ ይመስላል። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

አባቴ በመስኮት እያዩ የሰውን ማሳ ይዳኛሉ። «ይኼ ዳጉሳ ታርሟል። ይኼኛው ባለቤቱ ሰነፍ ነው። ይኼን በቆሎ ዝንጀሮ ቀድሟቸዋል።» እናቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ተስፋ አደረግሁ።

ቡሬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ከመናኸሪያው ጀርባ የሚገኝ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ እጅ መታጠቢያው በር ላይ የቆመ በርሜል ነው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ዱላቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው በመጨረሻ በሁለት እግራቸው መሀል ያዙት።

ጥብስ ሠላሳ ብር፣ ሽሮ አሥር ብር ነበር። ሁለት ጥብስ አቅሜ አልፈቀደም። «ለእርሳቸው ጥብስ፣ ለእኔ ሽሮ» ብዬ አዘዝኩ። አስተናጋጇ የየራሳችንን በየሳህኑ አመጣችልን። ሽንኩርቱና ቃሪያው ገና ይንጫጫል። አባቴ አማተቡ፤ አንድ ጉርሻ ቆረሱ፤ ጎረሱ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይብሉ እንጂ አባባ።»

«እየበላሁ ነው።»

«አንድ ጊዜ እኮ ነው የጎረሱት።»

«ሆዴ ሙሉ ነው ልጄ» አሉኝ። ሆድ የሚሞላው በእህል ብቻ አለመሆኑን እያወቅሁ፣ ንግግራቸውን እንደ ተራ ነገር አለፍኩት።

የጥብሱ ስብ እየረጋ ነጭ ሆነ። ከጎናችን ያሉት ሾፌሮች ያዩናል። ከልቤ ተናደድኩ፤ በእርሳቸው ይሁን በራሴ አላወቅሁም። አባቴ ግን ሳህኑን ይዘው ተነሡና በር ላይ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የኔ ቢጤ ሰጡ። ሰጥተውም አልተመለሱም። ሰውየው በልተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው፣ አገራቸው የት እንደሆነ እየጠየቁ ተቀመጡ። እኔ ሽሮዬን ብቻዬን ጨረስኩ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም አስፋልት ነው። ማንኩሳን አልፈን አሥር ሰዓት ሲሆን ደረስን። ርካሽ አልጋ ይዘን ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ ሆቴል ለእራት ወጣን። እንጀራ ሰልችቷቸው ይሆናል ብዬ ፓስታ አዘዝኩላቸው። ሞኝነቴ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሹካውን አገላብጠው አዩት፤ ፓስታውን አንድ ጊዜ አነሡት፤ ተንሸራቶ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

«ይኼስ መበላትም የፈለገ አይመስል» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን ሳይበሉ ተነሡ።

ዓርብ፣ ፍኖተ ሰላም

ጠዋት ውሸቴን ለማስታመም ዞን ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ግቢው ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ፣ የጨረታውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ አነበብኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስወጣ አባቴ ከጥበቃው ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ስለ ከብት በሽታ ይነጋገራሉ።

«ጉዳይሽ ምን ሆነ?»

«ሰኞ ተመለሽ አሉኝ።»

«እሺ» አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ዓርብ ጾም ነው። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ከተማዋን በእግር ዞርን፤ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ጋ ቆምን፤ አባቴ ባጃጆቹን «ሦስት እግር ያለው ፍየል» አሏቸው። ዘጠኝ ሲሆን ከእህል በረንዳው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቷ ወይዘሮ ትጓደድ ይባላሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያቀርባሉ፣ ደንበኛውንም ራሳቸው ይቆጣሉ። ጾሙን የፈታው ሠራተኛና ነጋዴ ቤቱን ሞልቶታል። በሩ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ አገኘን። በያይነቱ አሥራ ሁለት ብር ነው፤ ሁለት አዘዝኩ።

ጥቂት ቆይቶ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ስልሳ የሚጠጋቸው ሰው ገቡና ቦታ አጥተው ቆሙ። ወይዘሮ ትጓደድ ከእኛ ጋር አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ጎንበስ አሉ።

«አባቴ፣ እንጀራው ሊያልቅብኝ ነው። ካልከፋዎት ለሦስታችሁ በአንድ ትሪ ላቅርብ?»

«ኧረ ለየብቻ ይሁንልን» ልል አፌን ስከፍት፣ አባቴ ቀደሙኝ።

«ምን ይከፋኛል? አምጪው።»

ትሪው መጣ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፤ ዳር ዳሩን ቃሪያ፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ አዋዜ። ሰውየው «ቢስሚላህ» አሉ። አባቴ አማተቡ። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ይተያዩ ጀመር።

«ይጀምሩ እንጂ» አሉ አባቴ።

«ታላቅ እያለ? ስምዎን ማን ልበል?»

«አለኸኝ።»

«እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። እንግዲህ አያ አለኸኝ፣ እርስዎ ካልቆረሱ እኔም አልቆርስ። ረሀቤ ደግሞ ጠንቷል፤ በደሌ በእርስዎ ላይ ነው።»

አባቴ ቆረሱ። ሰይድ ቆረሱ። እኔ የአባቴን እጅ አያለሁ። ሰይድ አዋዜውን ነካ አድርገው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ የወምበርማ በርበሬ አይደለም።»

«ኸየት አወቁ?» ሽንዲ ያለችው ወምበርማ ውስጥ ነውና የአባቴ ዓይን በራ።

«የወምበርማው እንደ ጥሩ አማት ነው። መጀመሪያ ያጣፍጣል፤ የሚቀጣው ኋላ ነው።»

አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እየሳቁ ቆረሱ፤ የመሬታቸውን በርበሬ እያነሡ ቆረሱ፤ ዘንድሮ ዝናቡ አለቅጥ መቆየቱን ሲናገሩ ቆረሱ። ምስሩ እንግዳው ዘንድ ሲያልቅ ከራሳቸው በኩል ገፋ አደረጉላቸው። ሰይድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» አሉ፤ አባቴ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ሰይድ ሳያውቁ ጠየቁ። «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

የአባቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ሁሉም ነገር የተበላሸ መሰለኝ።

«ሐምሌ ላይ ቀበርኳት» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ሁለት ዓመት ከአንድ ገበታ በላን። ስትቆርስ እቆርሳለሁ፤ ስታቆም አቆማለሁ። አሁን ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ ሳህን ሙሉ ወጥ ፊቴ ያስቀምጡልኛል። እጄን እሰዳለሁ፤ ኸወዲያ ማዶ የሚመጣ እጅ የለም። እጄ ይመለሳል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉ የለ? እኔ ግን መሞቱን አልፈራሁት፤ መብላቱን ነው ያቃተኝ።»

ሰይድ «አላህ ያጽናዎት» አሉ። እንጀራ ቆርሰው በአባቴ ፊት አስቀመጡ። «ዛሬ ሦስት እጅ አለ። እኔ ካልጠገብኩ አልነሣም፤ እርስዎም እንግዳ ጥለው አይነሡም።»

አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀጠሉ። እኔም ከትሪው ቆረስኩ። በቡሬ ጥብስ፣ በማታው ፓስታ፣ አክብሬያቸው መስሎኝ የየብቻ ሳህን ፊታቸው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስሜነህና ሚስቱም እንዲሁ አክብረዋቸው ነው ለብቻቸው የሚልኩላቸው። እኛ ልጆቻቸው ሦስት ወር ሙሉ ያላየነውን፣ እንጀራ ያለቀባቸው ወይዘሮ ትጓደድ ሳያስቡት አገኙት።

ትሪው ባዶ ሆነ። ወይዘሮ ትጓደድ መጥተው አዩና «የጾም ጊዜ እንዲህ ከበላችሁ በፍስኩ ቤቴን ልትበሉት ነው» አሉ። ስንለያይ ሰይድ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

ቅዳሜ

ቁርስ አባቴ ራሳቸው መረጡ። ሰው ሁሉ የሚበላውን ፉል አይተው «ያ ባቄላ ነው?» ብለው አንድ አዘዙ። «ሁለት ይሁን?» ብል «አንድ! ዳቦውን ጨምሪ» አሉ። ዳቦውን እየቆረስን ከአንዱ ሳህን ጠቀስን። ባቄላው ደርቆ ሳይሆን እንዲህ ደቅቆ መበላቱ ገረማቸው፤ ዘይቱን ግን ተቹ፤ «ኑግ ቢሆን ኑሮ» አሉ።

መናኸሪያ ስንደርስ ቆም አሉ።

«እናንዬ፣ እነዚያ ሰዎች ሰኞ ተመለሽ ብለውሽ የለ? ቅዳሜ ጥለሻቸው ስትሄጂ አይቀየሙም?»

ፊቴ ጋለ። «አባባ፣ ጉዳይ አልነበረኝም። ዋሸሁዎት።»

«ሽንዲ እያለን ነው ያወቅሁት። ጉዳይ ያለው ሰው ወረቀት ይይዛል። አንቺ የያዝሽው የልብስ ቦርሳ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ልጄ ካገር አገር ስትለፋልኝ እምቢ ልበል?» አሉና ሚኒባሱ ላይ ቀድመውኝ ወጡ።

ደብረ ማርቆስ መጥተው አብረውኝ እንዲኖሩ በመንገድ ላይ ለመንኳቸው። «በርበሬውን ማን ይለቅመዋል?» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ወደ ቤት

ቤት የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ብዙም ሳይቆይ የስሜነህ ሚስት ውዴ የተከደነ ሳህን ይዛ መጣች፤ አስቀምጣ በአክብሮት ወጣች። አባቴ ሳህኑን አዩት። ተነሡና በሁለት እጃቸው ይዘው በአጥሩ መሿለኪያ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ተከተልኳቸው።

ስሜነህና ውዴ ደንግጠው ተነሡ። «አባባ፣ ወጡ ምን ሆነ? ጨው በዛበት?» አለች ውዴ።

«ወጡስ ደህና ነው። የሚበላ ሰው አልተላከበትም» አሉ። ወጡን በእነርሱ እንጀራ ላይ ገለበጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ቅረቡ። አንቺም ቅረቢ፤ ምድጃው ዘንድ አትቁሚ።» ውዴ ባሏን አየች፤ አማት ፊት መብላት አታውቅምና። ከዚያ እጇን ታጥባ ቀረበች። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሷ ሰጧት።

በማግሥቱ እሑድ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ጉዞው ምን አስተማረሽ ቢሉኝ፣ ለሰው ምግብ ማቅረብና ከሰው ጋር መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ጸሐይ የምትባል ታይፒስት ትኖራለች። አምስት ዓመት «እንደምን ዋልሽ» ተባብለን በየበራችን እንገባለን። በዚያ እሑድ አመሻሽ ላይ ሽሮዬን ከእሳት አወጣሁና በሯን አንኳኳሁ።

ስትከፍት በእጇ እንጀራ የቀረበበት ሳህን ይዛ ነበር፤ ቆማ እየበላች።

«ምነው፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «ሳህንሽን ይዘሽ ነይ።»